ስለ ኤችዲኤምአይ ገመድና ተንቀሳቃሽ ሥዕል ከኢንተርኔት ወደ ቴሌቪዥን ስለሚደርስበት መንገድ

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ላሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች መምህራንና ማንበብ ለሚችሉ የአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

በጉና ተራራ ግርጌ ተወልዶ ያደገ ልጅ ባሕር ምን እንደሚመስል ቢጠየቅ፥ በክረምት ሜዳውን የሚሸፍነውን ውሃ ያስባል እንጂ የባሕሩን ማዕበል በልቡናው ሊሥለው አይችልም። በቃል ብቻ የተነገረ ነገር ብዙ ጊዜ ከጆሮ አልፎ ከልብ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህም ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለትምህርት ታላቅ ረዳት ነው፤ የልብን አመታት፥ የዘርን አበቃቀል፥ የእሳተ ገሞራን አፈነዳድ ልጁ በዐይኑ እያየ ይማርበታልና።

በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው በ1957 ዓመተ ምሕረት ነው። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላም ለኹለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ተዘጋጀ፤ ሕዝቡም በቴሌቪዥኑ ዐይነት ስም «ፕላዝማ» ብሎ ጠራው። ይህ ትምህርት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ቋንቋ ይሰጥ ነበር። መምህር ላልነበረበት ቦታ ትምህርት በማድረሱ ጠቅሟል፤ ዳሩ ግን ሥዕሉ በሰዓቱ መጥቶ በሰዓቱ ያልፍ ስለ ነበር፥ መምህሩ ሊያቆመው ወይም ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም ነበር። ለመምህሩ የሚተርፈው በክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ ያለችው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበረች።

ዛሬ ከጣት እምብዛም የማይበልጥ ረዥምነት ያለው፥ በገበያ ቲቪ ስቲክ ወይም ቲቪ ቦክስ የሚባል ትንሽ መሣሪያ ተንቀሳቃሽ ሥዕልን ከኢንተርኔት ተቀብሎ በቴሌቪዥን ያሳያል። መምህሩ ሲፈልግ ያቆመዋል፤ ሲፈልግ ይመልሰዋል። ይኸን መሣሪያ ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚያገናኘው መንገድ ኤችዲኤምአይ ይባላል።

ነገር ግን ሥዕሉ አልታይ ባለ ጊዜ አስቀድሞ የሚወቀሰው ቴሌቪዥኑ ነው፤ ትልቁና በዐይን የሚታየው እርሱ ነውና። ደኅናውን ቴሌቪዥን ከወገዳ ወይም ከአርብ ገበያ አስጭኖ ለጠጋኝ ወደ ደብረ ታቦር መላክ፥ ጉድለቱም በኋላ በአንድ ቻርጀር ላይ ቢገኝ፥ የወላጆችን መዋጮ በከንቱ ማባከን ነው። ልጆቹም እስከዚያ ድረስ ባዶ ግድግዳ ሲመለከቱ ይሰነብታሉ። ስለዚህ መምህሩ እያንዳንዱ ክፍል የሚሠራውን ሥራ ለይቶ ሊያውቅ ይገባዋል፤ ሥራውን ያወቀ ጉድለቱን ለማግኘት አይቸገርምና።

አራቱ ክፍሎችና ሥራቸው

ሥዕል በቴሌቪዥን ላይ እንዲታይ አራት ነገሮች ሊሟሉ ይገባል። አንደኛው ኤሌክትሪክ ነው፤ ኹለተኛው ኢንተርኔት ነው፤ ሦስተኛው ትንሹ መሣሪያ ነው፤ አራተኛው ኤችዲኤምአይ ገመዱ ከነቴሌቪዥኑ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሌላውን ሥራ ሊሠራ አይችልም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር፥ መሣሪያው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ከተሰካ በኋላ ኤሌክትሪኩንም ኢንተርኔቱንም ከዚያው የሚያገኝ መስሎ መታየቱ ነው። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ኤችዲኤምአይ የሚያስተላልፈው ሥዕልንና ድምፅን ነው። በውስጡ 5 ቮልት የምትይዝ አንዲት ሽቦ አለች፤ ነገር ግን በደንቡ እንድትሰጥ የምትገደደው 55 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ይህም ቴሌቪዥኑና መሣሪያው እርስ በርሳቸው እንዲተዋወቁ ይበቃል እንጂ መሣሪያውን አያንቀሳቅስም። ስለዚህ መሣሪያው የራሱ ቻርጀር ያስፈልገዋል፤ ኢንተርኔቱንም በዋይፋይ አማካይነት በአየር ይቀበላል።

ከዲሽ ጋር ያለውንም ልዩነት ማወቅ ይገባል። ዲሽ ምልክቱን የሚያገኘው በሰማይ ካለ ሳተላይት ስለ ኾነ ፊቱ ወደ ሳተላይቱ ተስተካክሎ መተከል አለበት፤ ነፋስ ጥቂት ቢያዛንፈው ሥዕሉ ይጠፋል። ስሟ ራሱ ነፋስ መውጫ በተባለች ከተማ ይህ ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም። ትንሹ መሣሪያ ግን ዲሽ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ከስልክ ወይም ከሌላ የኢንተርኔት መሣሪያ የሚወጣ ዋይፋይ ነው።

ስለ ገመዱ

ከዚህ ቀደም ሪሲቨር ከቴሌቪዥን ጋር ይገናኝ የነበረው ሦስት ራስ ባለው ገመድ ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቤት ይገኛል። ቢጫው ሥዕልን፥ ነጩና ቀዩ ደግሞ የግራውንና የቀኙን ድምፅ ይወስዳሉ። ቢጫው ቢነቀል ድምፅ ያለ ሥዕል፥ ነጩና ቀዩ ቢነቀሉ ሥዕል ያለ ድምፅ ይቀራል።

ኤችዲኤምአይ ኹለቱንም በአንድ ገመድ አንድ አድርጎ ያስኬዳል። የመጀመሪያው ደንብ የወጣው በ1995 ዓመተ ምሕረት፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2002 መጨረሻ ነው። ሂታቺ፥ ማትሱሺታ፥ ፊሊፕስ፥ ሲሊከን ኢሜጅ፥ ሶኒ፥ ቶምሰንና ቶሺባ የተባሉ ሰባት ኩባንያዎች ተስማምተው አወጡት። በዚህ ስምምነት ምክንያት አንድ ኩባንያ የሠራው መሣሪያ ከሌላው ኩባንያ ቴሌቪዥን ጋር ያለ ችግር ይገናኛል።

በተለመደው የገመድ ራስ ውስጥ 19 ጥቃቅን መገናኛዎች አሉ። የራሱ ቅርጽ ከላይ ሰፊ፥ ከታች በኹለቱም ጐን ጠበብ ያለ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ወገን ብቻ ይገባል። አልገባ ሲል ገልብጦ ማየት እንጂ መግፋት አይገባም፤ በጕልበት የገባ ራስ ቀዳዳውን ይሰብራልና።

በዚህ ገመድ የሚሄደው ምልክት በቍጥር የተሠራ ነው፤ ይኸውም 1 ወይም 0 ነው። ቍጥሩ በደኅና ከደረሰ ሥዕሉ ሙሉ ኾኖ ይታያል፤ ካልደረሰ ይቈራረጣል ወይም ፈጽሞ ይጠፋል። ስለዚህ በወርቅ የተለበጠ ነው ተብሎ በብዙ ብር የሚሸጥ ገመድ፥ ቍጥሩን በደኅና ከሚያደርስ ርካሽ ገመድ የበለጠ ያማረ ሥዕል ሊያሳይ አይችልም። ለክፍል ከ1 እስከ 2 ሜትር የሚረዝም ገመድ ይበቃል፤ ገመዱ በረዘመ መጠን ምልክቱ እየደከመ ይሄዳልና።

ስለ ታጠፈና ስለ ተዘረጋ ሥዕል

መሣሪያው ምን ሥራ እንዳለው ለመረዳት ጥቂት ሒሳብ ማየት ይጠቅማል። ሙሉ ጥራት ያለው ሥዕል ወደ ጐን 1920፥ ወደ ታች 1080 ነጥቦች አሉት። 1920 በ1080 ሲባዛ 2,073,600 ነጥብ ይኾናል። እያንዳንዱ ነጥብ ከቀይ፥ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቀለም ይሠራል፤ ለእያንዳንዱ ቀለም 8 ቍጥር ያስፈልጋል፤ ለአንድ ነጥብ 24 ቍጥር ማለት ነው። ሥዕሉም በአንድ ሴኮንድ 60 ጊዜ ይታደሳል። እንግዲህ 2,073,600 በ24፥ ያም በ60 ሲባዛ 2,985,984,000 ይኾናል። በኤችዲኤምአይ ገመድ ለሥዕሉ ብቻ በአንድ ሴኮንድ ይህን ያህል ቍጥር ያልፋል።

በገጠር ያለ ኢንተርኔት ይህን ኹሉ ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ ሥዕሉ ከላኪው ዘንድ የሚነሣው እንደ ጋቢ ታጥፎ ነው። ያልተለወጠው የሥዕሉ ክፍል ደግሞ ደጋግሞ አይላክም፤ ለምሳሌ አንድ ሰው በግድግዳ ፊት ቆሞ ሲናገር ግድግዳው አንድ ጊዜ ከተላከ በኋላ የሚላከው የአፉና የእጁ እንቅስቃሴ ነው። በዚህ ብልሃት በሴኮንድ 5,000,000 ቍጥር ብቻ ሊበቃ ይችላል፤ ይህም ገመዱ ከሚያሳልፈው ከ600 እጅ አንዱ ያህል ነው።

እንግዲህ የትንሹ መሣሪያ ዋና ሥራ ታጥፎ የመጣውን ሥዕል መዘርጋት ነው። ኤችዲኤምአይ ደግሞ የተዘረጋውን ከመሣሪያው ተቀብሎ ለቴሌቪዥኑ ያስረክባል። ይህን ያወቀ መምህር ሥዕሉ እየቆመ ሲያስቸግረው ገመድ ለመለወጥ አይቸኩልም፤ የታጠፈው ሳይደርስ የሚዘረጋ ነገር እንደሌለ ያስተውላል።

የአገናኙ ሥርዐት

በመጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ከኤሌክትሪክ መንቀል ይገባል። ከዚያም በጀርባው ወይም በጐኑ በእንግሊዝኛ ፊደል ኤችዲኤምአይ የሚል የተጻፈበትን ቀዳዳ መፈለግ ነው። ብዙ ጊዜ ኹለት ወይም ሦስት ቀዳዳ ይኖራል፤ በአጠገቡ 1፥ 2፥ 3 ተብሎ ተጽፏል። መሣሪያው የገባበትን ቍጥር መምህሩ በወረቀት ይጻፈው።

ኹለተኛ፥ መሣሪያውን በዚያ ቀዳዳ መሰካት ነው። ስቲክ የሚባለው የገመዱ ራስ ከራሱ ጋር የተሠራ ስለ ኾነ በቀጥታ ይገባል፤ ቦክስ የሚባለው ግን በገመድ ይገናኛል።

ሦስተኛ፥ የመሣሪያውን ቻርጀር ከግድግዳው ሶኬት ጋር ማገናኘት ነው። አንዳንድ ሰው ከቴሌቪዥኑ የዩኤስቢ ቀዳዳ ይሰካዋል፤ ዳሩ ግን ብዙ ቴሌቪዥኖች ከዚያ ቀዳዳ የሚሰጡት ግማሽ አምፔር ብቻ ሲኾን፥ ብዙ መሣሪያዎች ደግሞ 1 አምፔር ይፈልጋሉ። ስለዚህ መሣሪያው እየጠፋ ይነሣል።

አራተኛ፥ ቴሌቪዥኑን አብርቶ በሪሞቱ ላይ በእንግሊዝኛ «ሶርስ» ወይም «ኢንፑት» የሚለውን ቁልፍ መጫን፥ ቀድሞ በወረቀት የተጻፈውንም ቍጥር መምረጥ ነው። ይህ ካልተደረገ ኹሉ ነገር ደኅና ኾኖ ሳለ ቴሌቪዥኑ ወደ ሌላ በር ይመለከታል።

አምስተኛ፥ የመሣሪያው ሥዕል ሲታይ የዋይፋዩን ስም መርጦ የይለፍ ቃሉን መጻፍ ነው። ዋይፋዩ ከመምህሩ ስልክ የሚወጣ እንደ ኾነ በስልኩ ላይ «ሆትስፖት» የሚባለውን አስቀድሞ መክፈት ያስፈልጋል።

ጀርባው ወፍራም የኾነ የድሮ ቴሌቪዥን የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ የለውም። ለእርሱ ከኤችዲኤምአይ ወደ ሦስቱ ባለ ቀለም ገመዶች የሚለውጥ ትንሽ ዕቃ ይገዛል። በገበያ ከሦስቱ ገመዶች ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለውጥ ሌላም ዕቃ አለ፤ መልካቸው ይመሳሰላል፥ ሥራቸው ግን ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ገዢው ከመክፈሉ በፊት «ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ» የሚለውጠው መኾኑን ያረጋግጥ።

ሥዕል ወይም ድምፅ በጠፋ ጊዜ

የአገር ሽማግሌዎች ነገር ሲያዩ ምስክሮችን በአንድነት አይሰሙም፤ አንድ ባንድ ለየብቻ ይጠይቃሉ እንጂ። መሣሪያም ሲበላሽ የሚመረመረው እንዲሁ ነው። ኹሉን በአንድ ጊዜ ነቅሎ ኹሉን መልሶ የሚሰካ ሰው ሥዕሉ ቢመለስለት እንኳ ጥፋቱ የማን እንደ ነበረ አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ማየት፥ ከዚያም ወደሚቀጥለው ማለፍ ይገባል።

ቴሌቪዥኑ ምንም መብራት የማያሳይ እንደ ኾነ፥ ጉድለቱ በኤሌክትሪክ በኩል ነው፤ ሶኬቱን በሌላ ዕቃ መፈተን ነው።

ቴሌቪዥኑ በርቶ «ኖ ሲግናል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቢያሳይ፥ ትርጓሜው በተመረጠው በር ምልክት አልደረሰም ማለት ነው። አስቀድሞ የበሩ ቍጥር ይታይ፤ ቀጥሎ መሣሪያው መብራቱ በርቶ እንደ ኾነ ይታይ፤ ከዚያ በኋላ ገመዱ በደንብ መግባቱ ይታይ።

የመሣሪያው የመጀመሪያ ገጽ ታይቶ ትምህርቱ ግን የማይከፈት፥ ወይም ክብ ምልክት እየዞረ የሚያስጠብቅ እንደ ኾነ፥ ገመዱና ቴሌቪዥኑ ንጹሓን ናቸው፤ ገጹን ያሳዩ እነርሱ ናቸውና። ጉድለቱ ከኢንተርኔቱ ነው።

ሥዕሉ ብልጭ ድርግም የሚል ወይም ነጫጭ ነጠብጣብ የሚያሳይ እንደ ኾነ፥ የላላ ወይም የተጐዳ ገመድ ይጠረጠራል።

ሥዕል ታይቶ ድምፅ የጠፋ እንደ ኾነ፥ ኹለቱ በአንድ ገመድ ስለሚሄዱ ገመዱ እምብዛም አይጠረጠርም፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ተዘግቶ ወይም ወደ ሌላ ድምፅ ማጉያ ተመርቶ እንደ ኾነ ይታይ።

በመጨረሻም አንድ ጠንካራ ምስክር አለ። በአቅራቢያው የሚሠራ ሪሲቨር ከተገኘ፥ ያንኑ ገመድ በዚያው ቀዳዳ ሰክቶ ማየት ነው። የሪሲቨሩ ሥዕል ከታየ ቴሌቪዥኑም ገመዱም ደኅና ናቸው፤ ቴሌቪዥኑን ወደ ጠጋኝ መላክ አያስፈልግም።

በክረምት መብረቅ በሚበዛበት ወራት ትምህርት ሲያልቅ የቴሌቪዥኑንም የመሣሪያውንም ሶኬት መንቀል ይገባል። ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም፤ መብረቅ በሽቦው የሚልከው ኀይል ማጥፊያውን አልፎ ይገባልና። የዲሹም ሽቦ ከሪሲቨሩ ይነቀል፤ በእርሱ የገባ ኀይል በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ቴሌቪዥኑ ሊተላለፍ ይችላል።

ስለ ኢንተርኔት ወጪና ኢንተርኔት ስለ ጠፋበት ጊዜ

የ40 ደቂቃ ትምህርት በሴኮንድ 5,000,000 ቍጥር ቢመጣ 1,500 ሜጋባይት ይበላል። የሥዕሉ ጥራት ዝቅ ተደርጎ በሴኮንድ 1,000,000 ቢኾን ግን 300 ሜጋባይት ብቻ ይበቃል። በአንድ ክፍል ላለ ቴሌቪዥን ይህ ዝቅተኛ ጥራት ለብዙ ትምህርት በቂ ነው፤ ጥራቱም በመሣሪያው ውስጥ ሊመረጥ ይችላል።

ከዚህም የሚሻል ብልሃት አለ። ማውረድ የተፈቀደውን ትምህርት ኢንተርኔት ደኅና ባለበት ከተማ አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ማኖር ነው። አንዱን ትምህርት ለአራት ክፍል ከኢንተርኔት በየጊዜው የሚያሳይ መምህር አራት ጊዜ ይከፍላል፤ በፍላሽ የያዘ ግን አንድ ጊዜ ይከፍላል። ፍላሹ በብዙ ቴሌቪዥኖች የዩኤስቢ ቀዳዳ ወይም በቲቪ ቦክሱ ይገባል።

ይህ ምክር ለቍጠባ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ከ2015 ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ጀምሮ በዐማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት የኢንተርኔት አገልግሎት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተው ነበር። እንደዚህ ባለ ጊዜ በኢንተርኔት ብቻ የሚታመን ትምህርት ከኢንተርኔቱ ጋር ይጠፋል። በፍላሽ የተቀመጠ ትምህርት ግን ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ፥ በፀሐይ ኀይልም ቢኾን፥ ይታያል። ጎተራ ያለው ገበሬ ዝናብ በቀረ ዓመት እንደሚተርፍ ኹሉ፥ ትምህርት ቤቱም የራሱ የትምህርት ጎተራ ሊኖረው ይገባል።

መሣሪያው ረዳት ስለ መኾኑ

የጋይንት አገር በትምህርት የታወቀ ነው፤ ድጓ በቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አምባ ሲመሰከር ኖሯል። በእነዚያ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው ዜማውን ሲያሰማ መምህሩ ያደምጣል፤ የተሳተውን ያርማል፤ ሳይቀና ወደሚቀጥለው አያሳልፈውም። ቴሌቪዥን ይህን ማድረግ አይችልም፤ ይናገራል እንጂ አይሰማም፤ ያሳያል እንጂ ልጁ ማስተዋሉን አይመረምርም።

ስለዚህ መምህሩ ትምህርቱን ከክፍሉ በፊት ለብቻው ይየው፤ የሚያቆምበትንም ቦታ አስቀድሞ ይምረጥ። በየ5 ወይም በየ6 ደቂቃው አቁሞ ይጠይቅ፤ ቋንቋው የከበደውን በአማርኛ ያስረዳ፤ ያልገባቸው እንደ ኾነ ወደ ኋላ መልሶ ያሳይ። በፕላዝማው ዘመን መምህሩ ያጣው ይህን ሥልጣን ነው። ሪሞቱ ዛሬ በእጁ ስለ ኾነ ይጠቀምበት፤ ሥዕሉን ከፍቶ ወጥቶ መሄድ ግን የቀድሞውን ጉድለት በገዛ እጅ መመለስ ነው።

ለመልመጃ የሚኾኑ ጥያቄዎች

1. ኤችዲኤምአይ ገመድ ምን ምን ያስተላልፋል? መሣሪያውን ለማንቀሳቀስ የማይበቃውስ ለምንድር ነው?

2. ቢጫ፥ ነጭና ቀይ ራስ ያላቸው ገመዶች እያንዳንዳቸው ምን ይወስዳሉ?

3. ወደ ጐን 1280፥ ወደ ታች 720 ነጥብ ያለው ሥዕል በጠቅላላው ስንት ነጥብ ይኾናል?

4. የመሣሪያው ገጽ ታይቶ ትምህርቱ ግን አልከፈት ቢል፥ ከአራቱ ክፍሎች ንጹሕ የሚባሉት የትኞቹ ናቸው? በምን ይታወቃል?

5. አንድ ትምህርት ቤት በሳምንት 5 ጊዜ የ40 ደቂቃ ትምህርት ቢያሳይ፥ በከፍተኛው ጥራት ስንት ሜጋባይት፥ በዝቅተኛው ስንት ሜጋባይት ይበላል? ልዩነቱስ ስንት ነው?

6. መምህሩ አንዱን ገመድ፥ አንዱን ቻርጀርና አንዱን ሪሲቨር ይዞ የጠፋውን ሥዕል እንዴት እንደሚመረምር ተማሪዎች በፊቱ ቆመው በተራ ያሳዩ።